ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር

አጎቴን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ዘጠኝ ነበር። ይህን ስናገር «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» እያሉ ሊያባብሉኝ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። አታባብሉኝ እላቸዋለሁ። ያየሁትን አይቻለሁ፣ የተናገርኩትንም ተናግሬያለሁ። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር ያየሁት ምን እንደነበረ ብቻ ነው።

አምቦ ውስጥ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር የምንኖረው፤ እናቴ ባየሽ፣ ታናሽ ወንድሟ ፈየራና እኔ። እናቴ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ናት፤ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ፈየራ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሹፌርም መካኒክም ነው። እኛ ዘንድ የእናት ወንድም ኤሱማ ነው የሚባለው፤ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ሙያውን አዲስ አበባ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ስለተማረ የመኪናን ብልት ሁሉ በጣሊያንኛ ነበር የሚጠራው፤ እናቴ «ኮፈን ስትከፍት ፈረንጅ ትሆናለህ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ዘመኑ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን በር በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷል፤ እሑድ እሑድ መስኮት ዘግተን በለሆሳስ እንዘምር ነበር። ያን እሑድም ዘምረን ስንጨርስ ፈየራ ወደ ግቢ ወጣና የማኅበሩን ላንድሮቨር ኮፈን ከፈተ። መኪናዋ ከሳምንት ወዲህ ዳገት አልወጣ ብላ ነበር። ጎጆ በሚባለው ደጋ ያሉ ገበሬዎች የዘር ገብሳቸውን ይጠብቃሉ፣ እሷ ግን ባዶዋን እንኳ ጉልበት ከድቷታል።

እኔ የማገዶ ክምር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ፈየራ አራቱን ካንዴላ ነቅሎ ጨርቅ ላይ በተርታ ደረደራቸው። ሞተሩ እንዳይነሳም አንድ ወፍራም ሽቦ ነቀለ። ከዚያ እናቴን ጠራት፤ እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። ቤንዚን መርገጫውን እስከ መጨረሻው ረግጣ እንድትይዝ፣ ሲላት ቁልፉን እንድታዞር ነገራት። እሱ ፊቱ ሰዓት የሚመስል፣ ጫፉ ጎማ የሆነ ጌጅ ይዞ የመጀመሪያው ካንዴላ በወጣበት ቀዳዳ ላይ ተጫነው። እናቴ ቁልፉን ስታዞር ሞተሪኖው አጓራ፣ ሞተሩም ሳይነሳ ፉት ፉት አለ። የጌጁ ጠቋሚ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ አንድ እርምጃ ወጥታ ቆመች። ፈየራ አነበበና ኮፈኑ ላይ በጠመኔ ጻፈ፤ መቶ አርባ። ሁለተኛው ላይ ስልሳ አምስት። ሦስተኛው ላይ ስልሳ። አራተኛው ላይ እንደገና መቶ አርባ።

ያኔ ቁጥሩ ለእኔ የትኩሳት ቁጥር ነበር፤ እናቴ በሽተኛ ስትለካ የምትጽፈው ዓይነት። ዛሬ የሚያውቁ ሰዎች አስረድተውኛል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የገባውን አየር ያምቃል፤ ጤነኛ ሲሊንደር ያመቀውን አያስመልጥም፤ የሚያስመልጥ ካለ ጌጁ ያጋልጠዋል። በየት በኩል እንደሚያስመልጥ ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። የሚያፈስሰው ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት ከሆነ ዘይቱ ለጊዜው ይደፍነዋል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ከፍ ካላለ ችግሩ ከላይ ነው።

እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ፈየራ ከክሊኒክ የተጣለውን፣ አፉ የተሸረፈውን የእናቴን የመስታወት ስሪንጅ አነሳ፤ ከጣሳ ወፍራም ዘይት መጠጠና መካከለኛዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ወጋቸው። ልቤ በኩራት ተነፋ። እናቴ ሰው ብቻ ነው የምትወጋው፤ ኤሱማ ግን መኪና ያክማል።

እንደገና ለካ። ጠቋሚዋ ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ፋሻው አይደለም» አላት እናቴን። «እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ነው የሚተነፍሱት። መሃላቸውን የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ሰውየው ውሃ አልቆባት እያፈላች ነድቷታል።»

እናቴ ማን ብላ አልጠየቀችም። ወደ አጥሩ አየት አደረገችና «ጨሊሲ፣ ፈየራ» አለችው፤ ዝም በል ማለቷ ነው።

«ዝም አልልም። እጽፈዋለሁ» አላት።

ጻፈውም። አራቱን ቁጥር፣ ዘይት ተጨምሮ የተገኘውንም፣ ሞተሩ ያለ ውሃ መነዳቱንም ጽፎ ሰኞ ጠዋት ለማኅበሩ አስገባ። ወረቀቱ የማኅበሩ ካድሬ የጓድ ወልደሰንበት ጠረጴዛ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። እንግዲህ መኪናዋን ፈየራ በሌለበት ቀን ወስዶ ወደ ጊንጪ የነዳት ራሱ ወልደሰንበት መሆኑን እናቴም ታውቃለች፣ ፈየራም ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ጓድ ወልደሰንበትን እወደው ነበር። ይህንንም አልደብቅም። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ለልጅ ጎንበስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌው የሕፃናት ማኅበር ሲሰበሰብ ይመጣና በሳምንቱ ውስጥ በየቤታችን ለአብዮቱ ምን እንደተሠራ ይጠይቀናል። በዚያ ቅዳሜ ጎረቤቴ ሹኩሪያ አባቷ ለሚሊሺያ ስንቅ ሁለት ጆንያ መስጠቱን ተናገረችና ተጨበጨበላት። እኔ ከሹኩሪያ ላንስ ነው? እጄን አወጣሁ።

«የኔ ኤሱማ የማኅበሩን መኪና መርፌ ወጋት» አልኩ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ወልደሰንበት አልሳቀም። ወደ እኔ መጥቶ ቁጢጥ አለና በቀስታ ይጠይቀኝ ጀመር። በምን ወጋት? በእማዬ ስሪንጅ። ስሪንጁ ውስጥ ምን ነበር? ወፍራም ነገር። የቱ ጋ ወጋት? መካከለኛዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ። ሰው እንዳያይ ዞር ዞር ብለው አይተው ነበር? እናቴ ወደ አጥሩ ማየቷ ትዝ አለኝና አዎ አልኩ። ሁሉንም ጻፈ። ሲጨርስ ጫፉ ላጲስ ያለው አዲስ እርሳስ ሰጠኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ዕለት እርሳሴን ይዤ እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሰኞ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ፈየራን ከቁርሱ ላይ አስነሱት። ቤቱን ሲፈትሹ አንደኛው ስለ ስሪንጅ ደጋግሞ ጠየቀ። እናቴ የለም አለች። ሲሄዱ ግን ከዱቄት ዕቃው ውስጥ አውጥታ አየችውና መልሳ ቀበረችው።

ይኸኔ ነገሩ ሁሉ የገባኝ መሰለኝ። ስሪንጁ የክሊኒክ ነው፣ ክሊኒኩ የመንግሥት ነው፤ ስለዚህ ኤሱማ የታሰረው የመንግሥት ዕቃ ሰርቆ ነው። ከተመለሰ ይፈታል። በማግስቱ እናቴ ሥራ ስትገባ ዱቄቱን በትኜ ስሪንጁን አወጣሁ፤ በቀሚሴ ጠርጌ ቀበሌ ወሰድኩና ለዘበኛው «መልሰነዋል፣ ኤሱማን ፍቱት» ብዬ ሰጠሁት። ሰውየው ብርሃን ላይ አንስቶ ተመለከተው። ውስጡ ዘይት ነበረ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚሉት እውነት አይደለም። እኔ ያቦካሁት ለእስር በቅቷል፤ ምስክሩም እኔ፣ ኤግዚቢቱን ያቀረብኩትም እኔ። እናቴ ስትሰማ አልመታችኝም። ፊቷን አዙራ የተበተነውን ዱቄት ትጠርግ ጀመር። ያኔ የተቆጣችው ዱቄቱን ስለደፋሁባት መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ማኅበሩ መጋዘን ፊት ለፊት የአጠቃላይ አባላት ስብሰባ ተጠራ። የጎጆና የደንዲ ገበሬዎች ዘራቸው ስለቀረባቸው ተቆጥተው ነበር፤ ወልደሰንበትም የሚቆጡበትን ሰው ሊያሳያቸው ፈለገ። አጎቴን ሲያመጡት አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። አጠገቡ ላንድሮቨሯ ቆማለች። ወልደሰንበት ስሪንጁን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ከንቁ ሕፃናት በደረሰ ጥቆማ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ መያዙን፣ የሕዝቡን ሞተር ባዕድ ነገር ጨምሮ መግደሉን፣ ጉዳዩም ለበላይ አካል እንደሚተላለፍ አነበበ። ለበላይ አካል የተላለፈ ሰው እንደማይመለስ ያላወቀ ገበሬ አልነበረም። ለንቁ ሕፃናት ሲጨበጨብ ግን እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ያቺ ንቁ ሕፃን እኔ መሆኔ የገባኝ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሌላ ነገር ሳስብ ነው።

ፈየራ የሚለው ካለው እንዲናገር ተፈቀደለት። ድምፁ ሻክሯል፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ሕፃኗ ያየችው እውነት ነው» አለ። «ጨምሬያለሁ። በዚያው ስሪንጅ፣ በነዚያው ሁለት ቀዳዳዎች። የጨመርኩት ከዚህ መጋዘን የወጣ የሞተር ዘይት ነው፣ የጨመርኩትም ለመለካት ነው። ፍቱኝና እዚሁ ፊታችሁ ልድገመው።»

ወልደሰንበት የሕዝብ ንብረት ሁለተኛ በአሻጥረኛ እጅ አይነካም አለ። ከገበሬዎቹ ብዙዎቹ ወደ መሬት ነበር የሚያዩት። ከዚያ ከጎጆ የመጡ ጂራ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«መኪናዋ የማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

«የሰፊው ሕዝብ ናት፣ ኦቦ ጂራ።»

«እንግዲያው የኔም ናት። ይለካልኝ።»

አንድ ሌላ ገበሬ «ይለካ» አለ፤ ከኋላም ሦስት አራት ድምፅ ተከተለ። ወልደሰንበት ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ፤ እነሱ ደግሞ የገበሬ ልጆች ናቸው፣ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ መሃል እናቴ እጄን ለቀቀች። ማንም ሳይጠራት፣ ከክሊኒክ በለበሰችው ነጭ ጋዋን፣ በሰው መካከል አልፋ ላንድሮቨሯ ላይ ወጥታ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቤንዚን መርገጫውን ረግጣ እጇን ቁልፉ ላይ አደረገችና ወልደሰንበትን ፊት ለፊት አየችው። ጥበቃው የፈየራን እጅ ፈታ።

ፈየራ ካንዴላዎቹን ነቅሎ ጌጁን ሲያዘጋጅ ኦቦ ጂራን ወደ ሞተሩ ጠራቸው። ሽማግሌው በዚያው ክረምት ነበር የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት የተቀበሉት፤ ያስጨበጨበላቸውም ራሱ ወልደሰንበት ነበር። «ቁጥሩን እኔ አላነብም፣ እርስዎ ያንብቡት» አላቸው ፈየራ። ኦቦ ጂራ ዓይናቸውን አጥብበው ጌጁ ላይ ጎነበሱ። እናቴ ቁልፉን አዞረች።

«አንድ፣ አራት፣ ዜሮ» አሉ ኦቦ ጂራ። «መቶ አርባ።» ከዚያ ስልሳ አምስት። ከዚያ ስልሳ። ከዚያ መቶ አርባ። ድምፃቸው በእያንዳንዱ ቁጥር ከፍ እያለ ሄደ፤ የተማሩት ነገር ለምን እንደሆነ ገና አሁን ያወቁ ይመስሉ ነበር።

ፈየራ ስሪንጁን ከወልደሰንበት እጅ ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሰውየው ትንሽ አመነታና ሰጠው። ፈየራ ዘይቱን ለሁሉም አሳይቶ፣ ጣቱን ነክሮ ቀምሶ፣ መካከለኛዎቹ ሁለት ውስጥ ጨመረ። እናቴ አዞረች። ኦቦ ጂራ አነበቡ። ስልሳ አምስት፣ ስልሳ።

«ዘይቱ አልገደላቸውም፣ አላዳናቸውምም» አለ ፈየራ። «ያመቁትን አየር አንዱ ለሌላው ነው የሚሰጡት። የማያምነኝ ካለ የሞተሩን ራስ ላንሳውና መሃላቸውን ይይ።»

«ክፈተው» አሉ ኦቦ ጂራ።

የሞተሩን ራስ፣ እሱ ቴስታታ የሚለውን፣ ፈቶ እስኪያነሳ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ማንም አልሄደም። ተነስቶ ሲታይ ከሥሩ የተነጠፈው ጓርኒሲዮን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ጥቁር ሆኖ ተበልቷል። ፈየራ እያዟዟረ አሳያቸው። ይህን የሚያደርግ ዘይት ሳይሆን ሙቀት ነው፣ ውሃ ያለቀበት ሞተር በግድ ሲነዳ እንዲህ ይሆናል አለ። ማን ነዳት አላለም።

የተናገሩት ኦቦ ጂራ ናቸው። ድምፃቸውን አላነሱም።

«የጊንጪ ገበያ የዋልን ለት ዳገቱ ላይ ቆማ ስትጨስ አግኝቻታለሁ። ከቅሌ ውሃ ሰጥቻለሁ። የነዷት ጓድ ወልደሰንበት ነበሩ።»

ያን ቀን ያሸነፍን መሰለኝ። ሰው ፈየራን ሲጨብጠው፣ አንዳንዱም ሲስመው አይቻለሁ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ፣ ጥበቃ አጠገቡ ቆሞ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴው አብዱልወሀብ ከመደርደሪያው ጀርባ ፈልጎ ባወጣው አዲስ ጓርኒሲዮን መኪናዋን ጠገነ። መጨረሻ ላይ እንደገና ለካት። አራቱም መቶ አርባ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ላንድሮቨሯ ቤታችን በር ላይ ቆመች። ፈየራ መሪውን ይዟል፣ ወልደሰንበት አጠገቡ፣ ሁለት ጥበቃዎች ከኋላ። እናቴ በመስኮት ዳቦና ጋቢ ሰጠችው፤ ስጠይቃት መኪናዋን ሊሞክራት መሆኑን ነገረችኝ። ፈየራ በደህናው ዓይኑ ጠቀሰኝ። ሞተሩ ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር። እየጮህኩና እያጨበጨብኩ እስከ ድልድዩ ተከተልኳት፤ ዳገቱን ያለ ምንም ድካም ስትወጣ አይቼ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

አዲስ አበባ እስር ቤት ነው የወሰዱት። ሌላ ሹፌር ስላልነበራቸው፣ ወልደሰንበትም ዳግም መሪ ሊይዝ ስላልፈለገ ራሱ ነድቶ ሄደ። አሻጥሩ ቀርቶ ክሱ ሕዝብን በአመራር ላይ ማነሳሳት ሆነ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር፣ አንድ ቀን እንኳ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ። ወልደሰንበት በዚያው ዓመት በሹመት ከፍ ብሎ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል፤ ይፍላ።

ፈየራ ጥርሶቹ ጎድለው፣ ግን ወገቡ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። እናቴ ነገ የሚመጣ ይመስል ሦስቱን ዓመት ሙሉ ልብሱን አጥባ አስቀምጣ ነበር። ጊንጪ መንገድ ዳር ጋራዥ ከፈተ። እኔ አደግሁ፣ ተማርኩ፣ ወለድኩ፤ ያን ነገር ግን ለእሱም ለእናቴም ሳልናገር ኖርኩ። እናቴ ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ጋራዡ ሄድኩ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ አንድ ሞተር ላይ ጎንብሷል። ቆሜ ነገርኩት። እርሳሱን፣ ጥያቄዎቹን፣ ስሪንጁን። ከዚያ አለቀስኩና ይቅር በለኝ አልኩት።

ቀና አለ። ተቆጥቶ ነበር፤ በሕይወቴ ሲቆጣኝ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ይቅርታ የምትጠይቂኝ ምን ዋሽተሽ ነው?» አለኝ።

እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነገረኝ። ከስብሰባው በፊት ረቡዕ ዕለት አንድ የአውራጃ መርማሪ መጥቶ ነበር። ሰውየው ጣጣ አልፈለገም። ያለው ማስረጃ የአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃልና እሷው ያመጣችው ስሪንጅ ነው፤ ልጅቷ ፈጥራ ነው፣ ውሸታም ናት ብለህ ፈርም፣ መዝገቡን ዘግቼ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ ብሎ ወረቀትና ብዕር ፊቱ አደረገለት። ወረቀቱ ላይ ስሜ ተጽፎ ነበር፤ ድንቅቱ የሚለውን አነበበው። ዓይኑን የመቱት እንቢ ካለ በኋላ ነው።

«መፈረም ነበረብህ» አልኩት። «ልጅ ነበርኩ። ውሸታም ብባል ምን እሆን ነበር?»

«ያየሽውን መናገር ትተዪ ነበር» አለና ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያየሁትን በመናገሬ ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።